እኔ፣ ዓፊያ እና የሙዚየሙ ምሽግ

ሚያዝያ 2፣ ከሚሴ

ዳይሬክተራችን አቶ ኑርሁሴን በእረፍት ሰዓት ቢሮ አስጠርተውኝ፣ "ቲቸር መሪየም፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ የሰላም ክበብሽ ደሴ ያለውን የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም እንዲጎበኝ ተፈቅዷል" አሉኝ። ሙዚየሙ የቀድሞ ወታደሮች ተሰባስበው በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ የከፈቱት ነው አሉ። አርባ ሁለት ተማሪ፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ቀን። ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ሥነ ዜጋ ሳስተምር ስለ ሰላም በጠመኔ ከመጻፍ በቀር ለልጆቹ በዓይናቸው ያሳየኋቸው ነገር የለም።

ይህን ደብተር የገዛሁት የዝግጅቱን ሂደት ልመዘግብበት ነው። የግል ጉዳይ አይገባበትም።

ማታ ዘነበ። የዓፊያ አሸንዳ የጣሪያዋን ውሃ በሙሉ አምጥቶ የኔ ደጃፍ ላይ ደፋው። ሆን ብላ ነው።

ሚያዝያ 3

ትናንት ስለ ዓፊያ በመጻፌ ተጸጸትኩ። ግን አንዴ ስሟ ስለገባ ግልጽ ላድርገው። ዓፊያ ታናሽ እህቴ ናት፤ እኛው ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ትሠራለች። እናታችን እማ ፋጡሜ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን እንኖራለን፤ እኔና ባለቤቴ አብዶ በዚህ በኩል፣ እሷ እማን ታስታምም በነበረበት ክፍል በዚያ በኩል። አንነጋገርም። ስድስት ወር አለፈው። ምክንያቱ አሸንዳው ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ሚያዝያ 6

የክበቡ ስብሰባ። "ሰላም ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። የምጠብቀው መልስ መጽሐፉ ገጽ ሰማንያ አንድ ላይ አለ። አንዱ፣ "ኔትወርክ ያለበት ቀን ነው" አለ። ሌላዋ፣ "አውቶቡስ ሳይቆም ደሴ ሲደርስ" አለች። አንዱ ደግሞ፣ "አባቴ ሬዲዮ ሳይከፍት ቁርሱን ሲበላ" አለ። ገጽ ሰማንያ አንድን ማንም አላነበበም።

ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ "ሁለት ጎረቤታሞች ሰላምታ ሲሰጣጡ" አለ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። መልሱ ራሱ ትክክል ነበር።

ሚያዝያ 9

አሸንዳው ሥር በርሜል አቆምኩ። በርሜሉ ሲሞላ ትርፉ በዓፊያ ማጀት በኩል ይፈስሳል። ይህ ጥቃት አይደለም፤ መከላከል ነው።

አብዶ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ "መሪዬ፣ ውሃው ወደ እህትሽ ቤት እንደሚገባ አውቀሻል?" አለኝ። ውሃ ራሱ የሚሄድበትን ያውቃል አልኩት።

ሚያዝያ 13

አቶ ኑርሁሴን ዛሬ ደግሞ፣ "ሴት ተማሪዎች ስለሚበዙ ከአንቺ ጋር አንዲት ሴት ሠራተኛ ትጨመራለች። ዓፊያን መድበናታል" አሉኝ።

"ሌላ ሰው የለም?"

"ሁሉንም መምህራን አማከርኩ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ዓፊያ ትሂድ አሉ።"

ይህ ትምህርት ቤት በምንም ጉዳይ በአንድ ድምፅ ተስማምቶ አያውቅም። የሻይ ክበቡን ቀለም ለመምረጥ ሁለት ዓመት ፈጅቷል።

ሚያዝያ 14

ከዓፊያ ጋር የግድ መነጋገር ያለብኝ የሥራ ጉዳይ ስለነበረ የክበቡን ጸሐፊ ኢማንን ይዤ ላይብረሪ ሄድኩ። ኢማን አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ብልህ ልጅ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ዓፊያ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም፣ ኢማን መሃል።

"ኢማን፣ አውቶቡሱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚነሳ ለላይብረሪዋ ኃላፊ ንገሪያት።"

ኢማን ዞራ፣ "አውቶቡሱ አስራ ሁለት ተኩል ይነሳል ብለዋል" አለች፤ ዓፊያ ሦስት ሜትር ላይ ነው ያለችው።

"ሰምቻለሁ። ኢማን፣ ለልጆቹ የሚጠጣ ውሃ ማን እንደሚይዝ ቲቸርሽን ጠይቂያት።"

"በሰው ደጃፍ ውሃ መልቀቅ የለመደ ሰው ይያዝ በያት" አልኩ።

ኢማን ትንሽ አሰበችና፣ "ውሃውን እርስዎ ቢይዙ ደስ ይላቸዋል" አለቻት። ይህች ልጅ አንድ ቀን አምባሳደር ትሆናለች።

ሚያዝያ 18

መንገድ ተዘግቷል። ጉዞው ቀረ። ለምን እንደተዘጋ ማንም በትክክል አያውቅም፤ ሁሉም ግን ያወራል። ጨፋ ሮቢት ገበያ የወጡት ከብቶቻቸውን መልሰው እየነዱ ገቡ። ሱቆች በጊዜ ዘጉ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ዋሉ።

ዘነበ። በርሜሉ ሞላ።

ሚያዝያ 22

አሁንም ዝግ ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጬ ስለ ሰላም የማደርገውን ንግግር አረምኩ። "ሰላም ከቤት ይጀምራል" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩት፤ የተለመደ ስለሆነ ነው።

አብዶ አንድ ልብስ እየተኮሰ በሰው ነገር ገባ። "እንዲያው ይህ ነገር የአሸንዳው ብቻ ነው?" አለኝ።

"የአሸንዳውም ነው፣ እማ ሲብስባት ቶሎ አለማሳወቋም ነው። እኔ አዳማ ስልጠና ላይ ሆኜ የገዛ እናቴ ስትሞት በማግስቱ ልስማ?"

"ዓፊያ እኮ ደውላልሽ ነበር።"

"ኔትወርክ አልነበረም።"

ካውያውን ጃኬቱ ላይ ረስቶት እንዳያቃጥለው ብዬ ተቆጣሁትና ርዕሱ ተቀየረ። አብዶ ደግ ሰው ነው፣ ግን በማያውቀው ነገር መግባት ይወዳል። ያን ቀን እሱ ባቲ ገበያ ነበር፤ ምን ያውቃል?

ሚያዝያ 27

መንገዱ ተከፈተ፣ አልሃምዱሊላህ። ጉዞው ለግንቦት 7 ተቆረጠ።

የክበቡን የድርሰት ውድድር አረምኩ። ኢማን "የአንድ አሸንዳ ታሪክ" የሚል አቅርባለች። ሀ እና ለ የተባሉ ሁለት እህትማማቾች በአንድ አሸንዳ ምክንያት ሲኳረፉ መላው ከተማ ወሬያቸውን እንደ ተከታታይ ድራማ ይከታተላል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። አጻጻፏ ጥሩ ነው። ሆኖም ከአስር ሰባት ሰጠኋት፤ ከሥሩም "የሀ አቋም በቂ ትኩረት አላገኘም፤ ሀ የተገፋች ናት" ብዬ ጻፍኩበት።

ግንቦት 2

ከፈጅር ሶላት በኋላ በመስኮት ሳይ ዓፊያ መሰላል ላይ ወጥታ አሸንዳውን በሽቦ ስታስርና ስትጎትት ነበር። ብቻዋን። መሰላሉ ይወዛወዛል። ብትወድቅስ? ምን እያሴረች እንደሆነ አላህ ይወቅ።

ግንቦት 3

ዘነበ። ከውሃው ግማሹ ወደ ራሷ ደጃፍ ወረደ። ስልት ቀይራለች ማለት ነው። መጠንቀቅ አለብኝ።

ግንቦት 7

ይህን የምጽፈው ከደሴ ከተመለስን በኋላ ነው። እግሬ አብጧል። ከመጀመሪያው ልጀምር፣ አለዚያ አልችለውም።

አስራ ሁለት ተኩል ላይ አውቶቡሱ በር ላይ ስደርስ ተማሪዎቹ በሙሉ ተቀምጠዋል። በጊዜ መጥተው አያውቁም። ከአንድ ወንበር በቀር ሁሉም ተይዟል፤ ያውም ለሁለት ሰው የሚሆን፣ በመስኮቱ በኩል ዓፊያ የተቀመጠችበት። ኢማን፣ "ይቅርታ ቲቸር፣ ሌላ ቦታ አልቀረም" አለችኝ። ከኋላ አንድ ወንበር ላይ ሦስት ልጆች ተደራርበው አየሁ፤ ከጎናቸው ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳ ቀበቶ ታስሮለታል።

እስከ ሐርቡ መስኮቱን አየሁ። ዓፊያም መስኮቱን አየች። መስኮቱ አንድ ነው። ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎ ዳገት ላይ አውቶቡሱ ሲያዘነብል ተደግፋኝ ነበር። እንቅልፍ ወስዷት ነው። መቀስቀስ መነጋገር ስለሚሆን ተውኳት።

የሚያስጎበኙን ሃምሳ አለቃ ሪድዋን የሚባሉ የባቲ ሰው ናቸው፤ ሰባ ዓመት ይጠጋቸዋል፤ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለም። በሩ ላይ ቆመው፣ "አከም ጅርቱ? ነጋዳ?" አሉን። ልጆቹ በአንድ ላይ፣ "ነጋዳ!" ብለው መለሱ። ሰላም ናችሁ ነው፣ ሰላም ነን ነው። እኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ሰላም ባይሆንም መልሱ ሰላም ነው። ይህን ሺህ ጊዜ ስል ኖሬ ዛሬ ገና አሰብኩት።

መጀመሪያው ክፍል ጠመንጃ ነው። ልጆቹ ፎቶ ተነሱ። ሁለተኛው ክፍል የጦር ሜዳ ድምፅ በማጉያ የሚሰማበት ነው። ሃምሳ አለቃ ማብሪያውን ከመንካታቸው በፊት፣ "አትደንግጡ" አሉ። እኔም "ልጆች፣ አትደንግጡ" አልኩ። ድምፁ ተለቀቀ። ማንም አልደነገጠም። አንዱ ልጅ ጆሮውን አዘንብሎ፣ "ይህ ዲሽቃ አይደለም፤ ዲሽቃ ከዚህ ይወፍራል" አለ። ሌላው፣ "ብሬን ነው" አለ። አንዲት ዘጠነኛ ክፍል የሆነች ልጅ፣ "ሩቅ ነው፤ እንዲህ ሲሆን እማዬ ከአልጋ ሥር ውጡ ትለናለች" አለች።

ሃምሳ አለቃ ማብሪያውን መልሰው አጠፉት። "ከየት ነው የመጣችሁት ያላችሁኝ?" አሉ።

"ከከሚሴ።"

"ይህን ክፍል እንለፈው" አሉ።

ለዚህ ክፍል ያዘጋጀሁት ጥያቄ "የጦርነትን አስከፊነት በምናባችሁ ሳሉ" የሚል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዓፊያ አየችኝ።

ሦስተኛው ክፍል ውስጥ በመስታወት ሥር የተደረደሩ ማንኪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ወታደር ማንኪያው እንዳይጠፋበት እጀታው ላይ በሚስማር ስሙን ጭሯል። ጠመንጃው ጋ የተንጫጩት ልጆች እዚህ ጸጥ አሉ። ኢማን አንድ በአንድ ስማቸውን ጮክ ብላ አነበበች፤ እንደ ስም ጥሪ። አንዱ ሳያስበው "አቤት" አለ፤ ስሙ ከወታደሩ ጋር አንድ ነበር። ማንም አልሳቀም።

የመጨረሻው ምሽጉ ነው። መጋዘኑ ሥር በነበረ ጎተራ መሰል ቦታ ውስጥ በአሸዋ ጆንያ የሠሩት፣ ወገብ የሚያጎብጥ፣ ከግራም ከቀኝም መግቢያ ያለው። ውስጡ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ሰው የሚያክሉ አሻንጉሊቶች ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ሃምሳ አለቃ ጆንያው ላይ ተቀመጡና እንዲህ አሉ።

"ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቦታ ነበርን። እነሱ ከዚያ ማዶ፣ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ሳላቸው ሳይቀር ይሰማን ነበር። አንዱ በጣም ያስል ነበር። ጠዋት ስንነሳ 'ዛሬም አልተሻለውም' እንባባላለን። አንድ ሰሞን ሳሉ ቆመ።"

"ከዚያስ?" አለች ኢማን።

"ከዚያማ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ጠላት ነው። ግን ያን ቀን ማንም ቁርስ አልበላም።"

"ስሙን ታውቁት ነበር?"

"የት አውቀነው። 'ሳሉ' ነበር የምንለው።"

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዞር ስል ዓፊያ እያየችኝ ነበር። ሁለታችንም ቶሎ ብለን ጣሪያውን ማየት ጀመርን።

አሁን የሆነውን ልጻፍ።

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ በግራው በር ቆሜ ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ። ዓፊያም ቆጥራለች፤ ስንት እንዳገኘች ብጠይቃት አንዳችን ገብተን አንዳችን በር ላይ እንቆም ነበር። አልጠየቅኳትም። አንድ ልጅ ውስጥ ቀርቷል ብዬ በግራ ተመልሼ ገባሁ። ለካ እሷም አንድ ጎድሎባት በቀኝ ገብታለች። መሃል ስደርስ መብራቱ ጠፋ። ግራና ቀኝ የብረት በሩ ተራ በተራ ጓ! አለ። ከዚያ ቁልፍ ዞረ።

"ማን ነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ስድስት ዓመት አብረሽኝ አንድ አልጋ የተኛሽው እህትሽ ነኝ! በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ከየት አምጥቼ ቁልፍ?"

"በርሜልስ ከየት አመጣሽ?"

ጮህን። ደበደብን። የዙህር ሰዓት ነውና የሙዚየሙ ጠባቂ ቆልፎ ሶላት ሄዷል፣ ከዚያ ምሳ። ዓፊያ ወደ በሩ ስትንደፋደፍ አንዱን አሻንጉሊት ወታደር ገፋችውና ላይዋ ላይ ወደቀ። "ያ ረቢ! ያዘኝ!" ብላ ጮኸች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጨለማ አትወድም። ወታደሩን ከላይዋ ሳነሳ እጁ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። እሱን እንደያዝኩ ጆንያው ላይ ተቀመጥን፤ መጀመሪያ ተራርቀን፣ በኋላ ብርድ ስለሆነ ተጠጋግተን።

ስልኬን አውጥቼ አበራሁ። "ኔትወርክ የለም" አልኩ።

"ያን ቀንም የለም ነው ያልሽው" አለች።

"አልነበረም።"

"እትዬ፣ ኔትወርክ የሌለው ስልክ አይጠራም። ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። ዘጠኙንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ጠራ።"

ይህን ከአሁን በፊት ለማንም አልጻፍኩትም፣ አላወራሁትም። አዳማ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ተራዬ ደርሶ መድረክ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል፣ ይጠፋል። "ዓፊያ" ይላል። ዓፊያና እማ ደግሞ ሾርባ ጨው አነሰው ብለው ተጨቃጭቀው ይሆናል፣ ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ አመሸን፤ ተኛሁ። ያኔውኑ ብነሳ እደርስባት ነበር። የማቀርበው ገለጻ ርዕስ "በጥሞና ማዳመጥ" ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። ድምፄን ለማስተካከል ስል የወታደሩን እጅ አጥብቄ ይዤ ነበር።

ዓፊያ፣ "አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?" አለችኝ።

"ስልሳ።"

"ስልሳውም አዳመጠሽ?"

"ግማሹ ተኝቶ ነበር።"

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። አለቀሰች ብዬ ብርሃኑን ወደ እሷ ባዞር ሳቋን አፍናለች። ሳቋን ሳይ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ነጠላዋን ጫፍ አቀበለችኝ። "በራስሽ ነጠላ ጥረጊ አትይኝም?" አልኳት። "ያንቺማ አፈር በአፈር ሆኗል" አለች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃ ሪድዋን እጃቸውን አጣምረው ይቅርታ ጠየቁ። "አንዲት ልጅ 'ቲቸሮቹ ገበያ ወጥተዋል፣ ይቆያሉ' ብላኝ ነው እኮ" አሉ። ኢማን ናት፤ አርባ ሁለተኛዋ ልጅ። ስንቆጥር ሽንት ቤት ሄዳ ነበር። ሽንት ቤቱ ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ነው፤ ስንገባ ባታየን ነው። ልጅ ናት፣ ትሳሳታለች። አልተቆጣኋትም።

የተነቀለውን እጅ ለሃምሳ አለቃ አስረከብኩ። የራሳቸውን እጅ አየት አድርገው፣ "ችግር የለም፣ የተለመደ ነው" አሉ።

ግንቦት 8

ትናንት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ስድስት ባዶ ወንበር ነበር። ያው ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ግንቦት 10

አቶ ኑርሁሴን "ከጉብኝቱ የተገኘ ውጤት" በሚል ርዕስ ሪፖርት ጠየቁኝ። "ተማሪዎች ስለ ሰላም ያላቸው ግንዛቤ ዳብሯል" ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። ግንዛቤያቸው ከእኔ ቀድሞ የዳበረ ነው። ስለ ማንኪያዎቹ ጻፍኩ። ስለ ድምፁ ክፍልም ጻፍኩ፤ ከከሚሴና ከአካባቢው ለሚመጡ ልጆች እንዳይከፈት ሐሳብ አቀረብኩ። አቶ ኑርሁሴን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "ስለ ምሽጉ ምንም አልጻፍሽም" አሉ።

"ጨለማ ነበር፣ ብዙ አላየሁም" አልኳቸው።

ዓፊያ ጠዋት በግቢው ስታልፍ፣ "አከም ቡልቴ፣ እትዬ?" አለች። ደህና አደርኩ አልኳት። አብዶ በመርፌው ጣቱን ወጋ።

ግንቦት 14

ከሶላት በኋላ ዓፊያን እዚህ በኩል ምሳ ጠራኋት። አብዶ ቶሎ በልቶ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እኛ ደጃፍ ላይ ቀረን። ምሽግ ውስጥ ልጠይቃት ፈልጌ ያልጠየቅኳት ነገር ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ለቀስተኛው ሁሉ ሲጠይቃት ጆሮዬን ይዤ ስሸሽ የነበረው ነገር።

"ያን ሌሊት እማ እንዴት ነበረች?" አልኳት።

ዓፊያ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች፣ ደረቅ ነበር።

"ሰው እየለየች አልነበረም" አለች። "'መሪየም፣ መጣሽ?' አለችኝ። ዓፊያ ነኝ አልኳት። 'መሪየም፣ ስልጠናው እንዴት ነበር?' አለች። ዓፊያ ነኝ፣ እማ። 'መሪየም፣ ጎሽ ልጄ' አለች። ሦስት ጊዜ ነገርኳት። በአራተኛው ደከመኝ። 'ጥሩ ነበር እማ' አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"ምሳ ምን አበሏችሁ አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ዶሮ አልኳት።"

"ዶሮ አልነበረም። ዓሣ ነው ያበሉን።"

"እኔ ከየት አውቄ! ስልክ አላነሳሽ!" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ስድስት ዓመት ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። የመጨረሻዋን ሌሊት ግን ከአንቺ ጋር አደረች። ስትመጪ ፊትሽን ማየት አስጠላኝ። አሸንዳውንም ያን ሳምንት ነፋስ አጣሞት ነበር፤ ባቃናው ይቻል ነበር። አላቃናሁትም።"

ስለ ማዳመጥ የሦስት ቀን ስልጠና ወስጃለሁና ዝም አልኩ።

"ደግሞ አደራ ሰጠችሽ" አለች።

"ለኔ?"

"ለአንቺ። ማለት ለእኔ። እጄን ይዛ፣ 'መሪየም፣ አንቺ ኃይለኛ ነሽ፤ ዓፊያን እንዳትቆጪያት። ብቻዋን ናት' አለችኝ። አልቆጣትም አልኳት። 'ወላሂ በይ' አለች። ወላሂ አልኳት።"

"በኔ ስም ማልሽ?"

"ማልኩ።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ዘጠኝ ጊዜ ደውዬ ነበር።"

"እና ይህን ይዘሽ ሰባት ወር ዝም? የእናቴን አደራ? እኔ እዚህ በርሜል ስጎትት፣ ከኔው ግድግዳ ማዶ ቁጭ ብለሽ፣ አንዲት ቃል ሳትነግሪኝ..."

ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት አብዶ መቀሱን እንደያዘ ሲወጣ ነው። "ደግሞ ምን ሆናችሁ?" አለ።

ዓፊያ፣ "መሐላዋን እያፈረሰች ነው" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ቀጥይ እትዬ። ለዛሬ ፈቅጄልሻለሁ። እስኪወጣልሽ ተቆጪኝ" አለችኝ።

ልቀጥል አፌን ከፈትኩ። ቁጣው ግን አልመጣም።

"ዓሣው ራሱ አይጥምም ነበር" አልኳት።